የተጸለየለት ደን

እናቴ ስለማጠናው ነገር ለሰው ስትናገር የያዘችው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ደን። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን በጀመርኩበት ሰሞን ሽንኩርት እየከተፈች “ስለ ምንድን ነው የምትጽፊው?” ብላ ጠየቀችኝ። ረጅም ነገር ማውራት ስለማይሆንልኝ “መስመሮችን ለሁለት መክፈል ነው፤ አንደኛው ክፍል ደን እንዲሆን” አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፤ ለእሷ በቂ ነበር። ከሀዋሳ ብዙ ሳይርቅ የደን ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ አለ፤ ከእኛ ሰፈር ታቦርም እዚያ ሄደው የተማሩ ልጆች አሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ተከላ እየተባለ ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ኮረብታውን ይወጣል። ሂሳብ የተማረች ልጅ ለደን ሥራ ተፈለገች ብላ ብታስብ የሚገርም አልነበረም።

የእኔ ደን ግን ቅጠል የለውም።

በሂሳብ ግራፍ ስንል ዜና ላይ የሚታየውን፣ የዋጋ መውጣትና መውረድ የሚያሳየውን ሥዕል ማለታችን አይደለም። ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው፤ ሌላ ምንም የለውም። መስመሮቹ እርስ በርስ ሳይቆራረጡ ወረቀት ላይ መሳል ከተቻለ ነገሩ ገር ነው፤ ስለዚህ ዓይነቱ ግራፍ ብዙ ይታወቃል። እኔ የያዝኩት ትንሽ የባሰውን ነው። መስመሮቹ ይቆራረጣሉ፤ ነገር ግን አንዱ መስመር ከአንድ ጊዜ በላይ አይቆረጥም። ሳይቆራረጥ መሳልን ለጥቂት የሳተ ግራፍ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ግራፍ መስመሮቹን በሁለት ክምር ከፍለን፣ አንደኛው ክምር ምንም የማይቆራረጥበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ደን እንዲሆን ማድረግ ይቻላል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው። ዛፍ የምንለው ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ፣ ግን የትም ዞሮ ከራሱ ጋር የማይገጥም የመስመሮች ስብስብ ነው። ከአንድ ነጥብ ተነስታችሁ በመስመሮቹ ላይ ብትሄዱ፣ በሄዳችሁበት ካልተመለሳችሁ በቀር የተነሳችሁበት አትደርሱም። እንዲህ ያሉ ዛፎች ሲሰበሰቡ ደን ይባላሉ። ቃሉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

የትልቁን ጥያቄ መልስ ሌሎች አረጋግጠውታል፤ ይቻላል። የእኔ ድርሻ ከዚያ ውስጥ አንድ ልዩ ሁኔታ ወስጄ በራሴ፣ ከእነሱ በቀለለ መንገድ ማረጋገጥ ነበር። በእኔ ሥዕል ወረቀቱ በሙሉ አራት አራት ማዕዘን ባላቸው ክፍሎች ተከፋፍሏል። ነጥቦቹ ቀይና ሰማያዊ ናቸው፤ የአንዱን ክፍል ግድግዳ ይዞ ለዞረ ሰው ማዕዘኖቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ እያሉ ይመጡለታል። በየክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰያፍ መስመሮች ይቆራረጣሉ፤ አንዱ ቀይን ከቀይ፣ ሌላው ሰማያዊን ከሰማያዊ ያገናኛል። ሥራው ከየክፍሉ አንዱን ሰያፍ ማንሳት ነው። ካነሳሁ በኋላ የቀረው እንደማይቆራረጥ ማንም ያያል። ያነሳኋቸው አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ደን መሆን አለባቸው። ጣጣው ያለው እዚያ ነው።

መንገዴ ቀላል ነበር። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ ቀዩን ሰያፍ ለማንሳት እሞክራለሁ። ከዚህ በፊት ካነሳኋቸው ጋር ዞሮ የሚገጥም ከሆነ እተወውና ሰማያዊውን አነሳለሁ። ሰማያዊውም ዞሮ የሚገጥም ከሆነስ? እዚህ ቦታ ላይ “ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንደማይገጥሙ ግልጽ ነው” ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ።

አማካሪዬ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ረቂቄን ሲመልስልኝ ገጾቹ ሁሉ ንጹሕ ነበሩ፤ አንድ ቃል ብቻ በእስክርቢቶ ተከቧል። ከመስኮቱ ውጭ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም የሐይቅ ወፎች፣ ግቢውን የራሳቸው አድርገው እንደ ዘበኛ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እነሱን ማየት ስለቀለለኝ እነሱን አየሁ።

“ግልጽ የሆነው ለማን ነው?” አለኝ።

“ለአንባቢው።”

“እኔ አንባቢ ነኝ፤ ለእኔ ግልጽ አይደለም። ለአንቺስ?”

 እውነቱን ለመናገር፣ ስጽፈው እጄ ፈጠን ብሎ ነበር። ሰው በማያውቀው ሰፈር ሲያልፍ እንደሚፈጥነው ማለት ነው።

አማካሪዬ ሳይቆጣ ነገሩን አስረዳኝ። የውጭ ፈታኟ ከሌላ ከተማ የሚመጡት ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያ ክፍተት እስከዚያ ካልተዘጋ ከጽሑፉ የሚቀረው ሌሎች የሠሩትን መተረክ ብቻ ስለሚሆን ለዲፌንስ፣ ፈታኞች ፊት ቆሞ ለሚደረገው ሙግት፣ አያቀርበውም፤ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። “ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ጥሩ መሆኑን እስካሁን አላወቅንም” አለኝ።

በዚያ ሰሞን ቤታችን በቀይና በሰማያዊ እስክርቢቶ በተሳሉ ወረቀቶች ተሞላ። እየሳልኩ ከየክፍሉ አንዱን ሰያፍ አነሳለሁ፤ ሁለቱም የሚገጥሙበትን ቦታ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላገኘሁም። ይህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አለማግኘት ማረጋገጫ አይደለም። ሥዕሉን ከፍ አደርጋለሁ፣ አጠማዝዘዋለሁ፣ ክፍሎቹን አንዱን በሌላው ውስጥ እሸጉጣለሁ፤ አሁንም አይገጥሙም። ለምን እንደማይገጥሙ ግን አላውቅም። ካምፓስ ስሄድ ከባጃጅ ውስጥ መንገዶቹን እያየሁ እዚያም ሰያፍ እፈልግ ነበር። የሀዋሳ መንገዶች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ብዙ አልረዱኝም።

እናቴ ወረቀቶቹን ስታይ ከቀለማቸው በቀር ምንም አልገባትም፤ ጭንቀቴ ግን ገባት። እሷ ጭንቀት ሲገባት የምታውቀው አንድ መፍትሔ ነው። ለጸሎት ኅብረቷ ነገረቻቸው።

ኅብረቱ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በየቤቱ እየዞረ ይሰበሰባል። በዚያ ሳምንት ተራው የእኛ ነበር። በአብዛኛው የሰፈር ሴቶች ናቸው፤ ገሚሱ በሲዳሙ አፎ ገሚሱ በአማርኛ ይጸልያል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ከወንዶች የማይቀሩት አንድ አዛውንት ናቸው። ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ ቤታቸው ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ያለ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። እኔ ሻይ አቅርቤ ወደ ጓዳ ልመለስ ስል እናቴ በዓይኗ አስቀረችኝና በሩ አጠገብ ቆምኩ።

“ስለዚህች ልጅ እንጸልይ” አሉ ጋሼ፣ ተነሥተው። “ደን ይዛለች። ያስቸገራት ነገር አለ።”

ከዚያ ጸለዩ። የእጇን ሥራ ባርክ፤ ዝናቡን በጊዜው ስጥ፤ ደኗን ከእሳት፣ ከምስጥና ከሰው መጥረቢያ ጠብቅ አሉ። ሴቶቹ ከልባቸው አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ልበል? ምስጥ የሚለው ቃል ላይ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አንገቴን ይበልጥ ደፋሁ። እናቴ ኋላ እንደነገረችኝ ሴቶቹ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው ነበር።

እስከዚያ ድረስ ማንንም አልጎዳም። ጸሎቱ አልቆ ሰው ጫማውን ሲፈልግ ግን ጋሼ ወደ እኔ መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ቅዳሜ ዳገቱ ላይ ችግኝ ይተክላሉ፤ ከመትከላቸው በፊት ስለ ደን አጭር ትምህርት የምሰጣቸው እኔ እንድሆን ከወጣቶቹ መሪ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። “የተማረ ሰው ሲነግራቸው ይሰማሉ” አሉኝ። በሰው ፊት መናገር ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ላይ በማላውቀው ነገር። ችግኝ ከቀበሌው ማቆያ ተነሥቶ እስኪተከል ምን እንደሚደረግለት እንኳ አላውቅም።

“ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ እስቲ” አልኳቸው፤ በረንዳ ላይ ወንበር አቀረብኩላቸው። እናቴ ብርጭቆ እየሰበሰበች ጆሮዋን ወደ እኛ ጣለች።

“የእኔ ዛፍ የሚተከል አይደለም” ብዬ ጀመርኩ።

“ታዲያ የሚቆረጥ ነው?”

“አይቆረጥም። ማለቴ፣ መስመር ነው።”

“ባሕር ዛፍ መሆን አለበት፤ በመስመር የሚተከለው እሱ ነው” አሉ ጋሼ።

እናቴ ብርጭቆዎቹን አስቀመጠች። “ደን አላልሽኝም እንዴ?”

“ብያለሁ፣ እማዬ።”

“እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ።”

“አውቃለሁ።”

ወረቀት አመጣሁ። ያን ሁሉ ነገር በአማርኛ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአማካሪዬ ጋር እንኳ ስንነጋገር አማርኛው ማያያዣ ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ብዙዎቹን ቃላት ሸምድጃቸው ነበር ማለት ነው፤ እንደ ስልክ ቁጥር። አሁን ግን ሁለት ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ወረቀቱን ያያል፤ በስልክ ቁጥር ልመልስላቸው አልችልም። ነጥቦቹን ሳልኩ፤ ክፍሎቹን ሳልኩ፤ ሰያፎቹን ሳልኩ። እስከዚህ ተከተሉኝ። ከየክፍሉ አንድ ሰያፍ እንደማነሳ ነገርኳቸው። ይህም ገባቸው። “እና ያነሳሁት ዙር ሊኖረው አይገባም” አልኩ።

“ዙር?” አለች እናቴ። “ዕቁብ ነው?”

ጋሼ ሳቁ። “ዕቁብማ ዙር ከሌለው ሰብሳቢዋ በላችው ማለት ነው።”

“እንደዚያ አይደለም። ዞሮ መጥቶ ራሱ ላይ መግጠም የለበትም ለማለት ነው። እንደ…” ቃል ፈለግሁ። እጄ ወረቀቱ ላይ አንድ ክብ ነገር ሠራ። “እንደ አጥር። አጥር መሆን የለበትም። አጥር የሌለበት ደን ነው።”

“አጥር የሌለው ደንማ ከብት ይጨርሰዋል” አሉ ጋሼ፤ በራሳቸው ቀልድ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ።

እናቴም ሳቀች። እኔ ግን ከአፌ የወጣው ቃል ላይ ቀርቼ ነበር። ዙር ስል፣ ወይም እንግሊዝኛውን ስል፣ የምትታየኝ በመስመር ላይ ሄዳ ሄዳ ወደ ተነሣችበት የምትመለስ ጉንዳን ናት። ጉንዳኗ ከመስመሩ ውጭ ምንም አታይም። አጥር ሲባል ግን ጉንዳን አይታይም። አጥር ሲባል ግቢ ነው የሚታየው። ውስጥና ውጭ አለው። አንዱ ውስጥ ከሆነና ሌላው ውጭ ከሆነ፣ አጥሩን ሳይሻገሩ አይገናኙም።

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት። ቀዩ ሰያፍ ገጠመ እንበል፤ ቀይ አጥር ሠራ ማለት ነው። በዚያው ክፍል ያለው ሰማያዊ ሰያፍ ያንን አጥር እዚያ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። ስለዚህ አንዱ ጫፉ አጥሩ ውስጥ፣ ሌላው ጫፉ አጥሩ ውጭ ነው። ሰማያዊውም ይገጥማል ካልን፣ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ሌላ ሰማያዊ መንገድ ቀድሞ ተነሥቷል ማለት ነው። ያ መንገድ ከውስጥ ወደ ውጭ ለመውጣት አጥሩን የሆነ ቦታ መሻገር አለበት። አጥሩ ከቀይ ሰያፎች የተሠራ ነው። ሰማያዊ ሰያፍ ቀይ ሰያፍን የሚሻገረው በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ሲነሡ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከአንድ ክፍል ሁለቱንም አንሥቼ አላውቅም።

መሻገሪያ የለም።

“ልጄ፣ አስቀየምኩሽ?” አሉ ጋሼ። ለካ ፊቴን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ ቀርቻለሁ።

“ኧረ አላስቀየሙኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ነገር ልጻፍ።”

እናቴ ታውቀኛለች። “ይተዋት፤ እንዲህ ስትሆን ቤት ቢቃጠልም አትሰማም” አለቻቸውና ሻይ ልትጨምርላቸው ሄደች። እሳቸውም አልሄዱም። እኔ እየጻፍኩ፣ እሳቸው ሻያቸውን እየጠጡ፣ ቁልቁል ሐይቁን እያዩ ቆየን። ስጨርስ ቅዳሜ ትምህርቱን ራሳቸው እንደሚሰጡ፣ እኔ ግን ውኃ ከማመላለስ እንደማልተርፍ ነገሩኝ። ደስ እያለኝ ተስማማሁ። ቅዳሜ ጀሪካን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ከወጣቶቹ አንዷ “ደን ያጠናሽው አንቺ ነሽ?” አለችኝ፤ “ሌላ ዓይነት ደን ነው” አልኳት፤ “አገር በቀል?” አለች፤ ተውኩት።

በዚያ በረንዳ ላይ የጻፍኩትን ወዲያው ለአማካሪዬ አልላክሁም። አንድ ጊዜ በአንድ ቃል አፍሬያለሁ። ዘግይቶ የሚመጣ ስህተት ካለ ይምጣ ብዬ ወረቀቱን አስቀምጬ በየቀኑ እያነሳሁ አየሁት። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር “ለማን?” እያልኩ አነበብኩት። መሻገሪያ ፈለግሁ፤ አጥሩን አጠማዘዝኩት፤ ውስጡ ሌላ አጥር ሠራሁ። ማረጋገጫው ግን አልፈረሰም። ከዚያ ወስጄ ሰጠሁት።

ቆሞ አነበበው። ጨርሶ ተቀመጠና በባዶ ወረቀት ላይ የራሱን ሥዕል መሳል ጀመረ፤ ሊያፈርሰው እየሞከረ እንደሆነ ስለገባኝ አላወራሁትም። አንድ ጊዜ እስክርቢቶው ቆመ፤ እኔም አብሬው ቆምኩ። ከዚያ ቀጠለ። በመጨረሻ ወረቀቱን ገፋ አደረገው።

“‘ግልጽ’ የምትለዋን ቃል አጣኋት” አለኝ።

“አውጥቻታለሁ።”

“አሁን ብትገባ ግድ አልነበረኝም” አለና የዲፌንስ ቀኔን ሊያስይዝልኝ ስልኩን አነሳ።

በዲፌንሱ ቀን እናቴ አትምጪ ብላት መጣች። የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከሁሉም ሰው ቀድማ። የውጭ ፈታኟ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው። ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ እያለሁ በእንግሊዝኛ ድምፄን ከፍ እንዳደርግ ጠየቁኝ። ከፍ አደረግሁ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ጠየቁኝ። ሁለተኛው ላይ ከአፌ የወጣው ድምፅ ለራሴም እንግዳ ነበር፤ እናቴ ቀና ስትል አየኋት።

ማረጋገጫው ላይ ስደርስ ፈታኟ እጃቸውን አነሡ። ሰማያዊው መንገድ አጥሩን መሻገር አለበት ብለሻል፤ መሻገሪያ የለም ያልሽው ግን መስመር በመስመር ላይ ሲያልፍ ያለውን አይተሽ ነው። መንገዱ አጥሩን በመስመር ሳይሆን በነጥብ ላይ ቢያልፈውስ? ጥያቄያቸው ይህ ነበር።

ወረቀቴን አየሁ። ወረቀቱ ላይ የለም። ያን ሁሉ “ለማን?” እያልኩ ስመረምር ይህን አላየሁትም።  አማካሪዬ ጠረጴዛውን ያያል፤ ሊረዳኝ አይፈቀድለትም። ማረጋገጫው እዚያ ላይ ከተበጠሰ ከእጄ ምን እንደሚቀር አውቃለሁ፤ የሌሎች ሥራና ብዙ ባለ ቀለም ወረቀት።

ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። አጥሩን ሳልኩት። ሰያፎቹ አግዳሚ እንጨቶቹ ናቸው፤ ነጥቦቹ ቋሚዎቹ። ቀዩን ማርከር ይዤ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ አቀለምኳቸው፤ ለማቅለም ሳይሆን ለማሰብ ነበር። ሁሉም ቀይ ሆኑ። ሌላ ቀለም ሊሆኑ አይችሉም፤ ቀይ ሰያፍ ቀይን ከቀይ ነው የሚያገናኘው። ያኔ መለስኩ፤ የወጣልኝ ግን አማርኛ ነበር።

“የአጥሩ ቋሚዎች ሁሉ ቀይ ናቸው። ሰማያዊው መንገድ የሚረግጠው ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ነው። በቋሚው ላይ ማለፍ አይችልም።”

አማርኛ መናገሬ የገባኝ ጨርሼ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እሳቸውም በአማርኛ ቀጠሉ።

“ቀለሙ ባይኖርስ? ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆኑ?”

“ሌሎች በሌላ መንገድ አረጋግጠውታል” አልኩ። “በእኔ መንገድ ይሂድ አይሂድ ግን አላውቅም።”

መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉና የሆነ ነገር ጻፉ። ሌላ ጥያቄ የለኝም አሉ።

ሲመካከሩ ውጡ ተባልን። ኮሪደሩ ላይ ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። አንድ እጄ በቀይ ማርከር ተበላሽቷል።

“ሴትዮዋ ምን አለችሽ?” አለችኝ ቀስ ብላ።

“በአጥሩ ቋሚ በኩል ሰው ቢገባስ አለችኝ።”

“አንቺስ?”

“ቋሚው ቀይ ነው አልኳት።”

እናቴ አሰበችበት። “ጥሩ መልሰሻል” አለችኝ፤ ደግሞም ከልቧ ነበር። ከዚያ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ በምራቋ እያራሰች ጣቶቼን ትጠርግልኝ ጀመር፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ መሆኑን ላስታውሳት አልፈለግሁም። የኮሪደሩ መስኮት ክፍት ነበር፤ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይገባል። የሚገርመው አልፈራሁም። ቢያሳልፉኝም ባያሳልፉኝም አጥሩ መሻገሪያ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ሴትዮዋ ሊሻገሩት ሞክረው አልቻሉም። በዚያ ዕውቀት ውስጥ ቆሞ መጠበቅ ደስ ይላል።

አማካሪዬ በሩን ከፍቶ ጠራን። እናቴን ጭምር ነው የጠራው፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅሁትም። አልፈሻል አሉኝ። የሚታረመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሰሌዳው ላይ የተናገርሽውን በጽሑፉ ውስጥ አስገቢው፤ ሥዕሉንም አስተካክይው። ፈታኟ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ጥግ ላይ ያዙኝና፣ ለምን አማርኛ እንደተናገርኩ ጠየቁኝ። በአማርኛ ስለታየኝ ነው አልኳቸው። “እኔም በአማርኛ ነው የሰማሁት” አሉና ሄዱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም፤ ግን ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

እርማቱን ለሌላ ቀን አላሳደርኩትም። እናቴ ከሕንጻው ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ የአቮካዶ ጁሷን ይዛ ተቀመጠች፤ እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሥዕሉን ቀየርኩት፤ አጥሩ ላይ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ቀይ አደረግሁ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ አጠፋሁት፤ እንደገና ጻፍኩት። ቋሚ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽሑፉ ውስጥ ለማስገባት አሰብኩና ተውኩት፤ ነጥብ ብዬ አስቀመጥኩት። እናቴ ስክሪኑን እያየች ስንት መስመር እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንድ መስመር ተኩል ነበር። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሰው ነጭ ልብስ ለብሶ የመጣው? አለችኝ፤ ነጭ የለበሰችው እሷ ብቻ ነበረች። አዎ አልኳት። ዓረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ በዝግታ አነበብኩትና ፋይሉን ለአማካሪዬ ላክሁለት።